አሥራ አንድ ጊዜ ተደውሎለት ስላልጮኸው ስልክ

ለክቡር የእናቶች ጤና አገልግሎት የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ እንዲሁም ከምድር ቤት እስከ ሰባተኛ ፎቅ የሚያደርስዎ ሊፍት ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደኅና ነኝ። ላለፉት አሥራ ሰባት ዓመታት በመሥሪያ ቤትዎ ሥር ቤት ለቤት እየዞርኩ የማዋልድ አዋላጅ ነርስ ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት ባለፈው ሰኞ የደረሰኝ፣ በክቡር እጅዎ የተፈረመ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ “የተደወለላትን የሥራ ስልክ ባለማንሳት” ስለሚከሰኝ ነው። ስለ ማስጠንቀቂያው ከልብ አመሰግናለሁ። አዲሶቹ ስልኮች ሲታደሉን ያስጠነቀቀን ሰው ስላልነበረ፣ ዘግይቶም ቢሆን መምጣቱ አስደስቶኛል።

ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ. ስለ ንጽጽሩ። ኮሚቴዎ “የአዲሱና የነባሩ ስልክ ንጽጽር” በሚል ርእስ ያዘጋጀውን ሠላሳ አራት ገጽ ባለቀለም ጥራዝ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ከኮሚቴው ውጭ ያነበብኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ከኮሚቴው ውስጥ ስንቱ እንዳነበበው ደግሞ ለፈጣሪ ትቼዋለሁ። እንደተረዳሁት ሁለቱ ስልኮች በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው፣ ቅጥነታቸው በማስመሪያ ተለክቶ፣ ሁለቱም የአበባ ማስቀመጫውን ፎቶ አንስተው፣ ከሃያ ሁለቱ መመዘኛዎች በሃያው አዲሱ አሸንፏል። ነባሩ የበለጠባቸው ሁለቱ “የጥሪ ድምፅ ጉልበት” እና “ወድቆ አለመሰበር” ሲሆኑ፣ ከግርጌያቸው “ለቢሮ ሥራ እምብዛም የማያስፈልጉ” የሚል ማስታወሻ ተጽፎባቸዋል። ክቡር ሆይ፣ እኛ ቢሮ የለንም። ያለን ሽርጥ፣ ቦርሳና የሰው ደረጃ ነው።

እውነቱን ላለመካድ የአዲሱ ስልክ ካሜራ ግሩም ነው። በዕድሜ የምትበልጠንና ስለ ድምፅዋ “ጡሩምባ” ብለን የምንጠራት ባልደረባችን ራሷን አንስታ ሃያ ዓመት ቀነሰልኝ ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ስትፍለቀለቅ ነበር። ነባሩ እንዲህ ያለ ውለታ ውሎልን አያውቅም። እሱ ወፍራም፣ ጠርዙ የተላጠ፣ በእርጥብ ጓንት ሲነካ የሚታዘዝ፣ ሁለት ፎቅ ተንከባሎ ወርዶ ሲደወልለት ግን አቤት የሚል ነበር። አንድም አዋላጅ ይቀየርልኝ ብላ አላመለከተችም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል እንዲህ ያለውን።

2ኛ. ስለ ስም ዝርዝሩ። እኛ አዋላጆች ቤተሰቦችን በስልካችን የምንመዘግበው በስም ሳይሆን በበር ነው። ስልኩ ዛሬ የባል፣ ነገ የጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ስሙን ብናውቀው ደግሞ ስም ደረጃ አያሳይም። ስለዚህ የእኔ ነባር ስልክ ላይ “ሰማያዊ በር ሦስተኛ ፎቅ”፣ “ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ውሻ አለ”፣ “መንታ፣ ደረጃው መብራት የለውም” የሚሉ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። የኮሚቴዎ መመሪያ “ሙሉ ስም ያልተጻፈበት ቁጥር ወደ አዲሱ ስልክ አይዛወርም” ስለሚል፣ ቁጥሮቹን የሚያዛውረው መዝጋቢ ልጅም የታዘዘውን ስለሚያደርግ፣ በስልኬ ከነበሩት ቁጥሮች ሁሉ ድልድዩን የተሻገሩት ሰባት ብቻ ናቸው። ሰባቱም የእናንተው የአለቆቼ ናቸው፤ ከመካከላችሁ ደግሞ እስከማውቀው ድረስ ለመውለድ የተቃረባችሁ የለም።

3ኛ. ስለ ጸጥታው። የጥራዝዎ ገጽ አሥራ ዘጠኝ፣ አዲሱ ስልክ ከማያውቀው ቁጥር ለሚመጣ ጥሪ ድምፅ ሳያሰማ ባለቤቱን “ከአስቸጋሪ ደዋዮች” እንደሚጠብቅ በሰፊው ያመሰግነዋል። ሰው የሌለበት ቤት ጸጥ ይላል፤ ስም የሌለበት ስልክም እንዲሁ። ይህን ጥበቃ ለማጥፋት ስንሞክር የይለፍ ቃል ጠየቀን፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊው ብቻ እንደሆነ ተነገረን፤ ኃላፊው ደግሞ ለሥልጠና ሄዷል። መጀመሪያ ለምን ልታጠፉት ፈለጋችሁ ካሉኝ፣ ጡሩምባ ስልኩ ለእህቷ እንኳ አልጮኽ ስላላት ተበሳጭታ ነው እንጂ ነገሩ ገብቶን አይደለም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስልክ አልተደወለልንም፤ እኔም ሴቶቹ ተስማምተው መውለድ ያቆሙ ይመስል ፋሻ እያጠፍኩ ስቀልድ ነበር። ያን ቀልዴን ሳስታውስ ራሴን እጠላለሁ።

4ኛ. ስለዚያ ማክሰኞ። ይህን ቁጥር ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በእኛና በቤተሰቦች መካከል የቆየ ስምምነት አለ። ምጥ ሲጀምር ሁለት ጊዜ ሚስ ኮል ይደረጋል፤ እኛ አናነሳም፤ በሩን አይተን ቦርሳችንን አንስተን እንሮጣለን። ደዋዩም እንድናነሳ አይጠብቅም፤ በእሱ በኩል ስልኩ ከጠራ አዋላጇ መንገድ ላይ ናት ማለት ነው። ይህን ስምምነት ከኮሚቴዎ አንድ ሰው ብቅ ብሎ ቢጠይቀን ኖሮ በሁለት ደቂቃ ባስረዳነው ነበር።

በአራተኛ ፎቅ የሚኖር አንድ በያጅ ከቀትር በኋላ ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ልታምጥ ስትጀምር ሁለት ጊዜ ደወለ። ስልኩ በእሱ በኩል ጠራ። ገብቶ እየመጣች ነው አላት፤ ውኃ ጣደ፤ ደረጃው ላይ ቆሞም ጠበቀ። አርባ ደቂቃ ጠበቀ። እኔ የአሥር ደቂቃ መንገድ ርቀት ላይ፣ ስልኩን በሽርጤ ኪስ ይዤ፣ ያንኑ ፋሻ እያጠፍኩ ነበር። ሰዓቱ ሲገፋበት ዘጠኝ ጊዜ ደጋግሞ ደወለ። በመጨረሻ ሕፃኗን የበያጁ እናት በእጃቸው ተቀበሏት፤ ደሙን ግን የሚያቆም ሰው በቤቱ አልነበረም። እሱ የሥራ ጫማውን እንዳደረገ ሮጦ መጣና ወሰደኝ። ከቦርሳዬ ያወጣሁት መርፌ ደሙ ሲጀምር ቢሰጥ ኖሮ ይበቃት ነበር፤ እኔ ስደርስ ግን አልበቃትም።

ሕፃኗ ደኅና ናት። እናቷም ሆስፒታል ገብታ ነፍሷ ተርፋለች፤ ማኅፀኗን ግን ሐኪሞቹ አውጥተውታል። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነው። ባሏ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አልሰደበኝም፤ “ጠርቶ እኮ ነበር” ብቻ አለኝ፤ ደጋግሞ አለኝ። እኔም ስልኩን ከኪሴ ሳወጣው በዚያ በተመሰገነው ብሩህ ገጹ ላይ “ዛሬ ከአሥራ አንድ አስቸጋሪ ጥሪዎች ጠብቄዎታለሁ” የሚል ጽሑፍ ከአበባ ሥዕል ጋር ጠበቀኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለጅቡ በር ከፍቶ የሚጠብቅ ግን በዚህ ዕድሜዬ ገና አሁን አየሁ።

ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ። በዚህ ደብዳቤ ላይ በጨዋ ቋንቋ ላስውበው ብሞክርም አልሆነልኝም። ያቺን ልጅ የጎዳት የሰው ጥላቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የጎዳት ግን ማንንም ሳይጠይቅ የተጻፈ ጥራዝ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ አጣሪ ተልኮ ያጣራው ስልኩን ሳይሆን እኔን ነው። አጣሪው ጥፋት ሲፈልግ ያገኘው የጥሪ ዝርዝሩን ነው፤ አሥራ አንድ ጥሪ፣ ያልተነሣ፤ ጥፋተኛዋም እኔ። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ማለት ምን እንደሆነ ለአዳዲስ ሠራተኞች ማስተማር ሲያሻኝ ያንን ሪፖርት አነብላቸዋለሁ።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ነባሮቹ ስልኮች በሳጥን ታሽገው ከቢሮዎ ሥር ባለው መጋዘን ተቀምጠዋል፤ ዓርብ ደግሞ በጨረታ ሊወገዱ ማስታወቂያ ወጥቷል። በዚህ ወር በእኔ መዝገብ ብቻ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ይወልዳሉ። ወይ ሳጥኑን ያስከፍቱልን፣ ወይ የይለፍ ቃሉን ያሰጡንና በሮቻችንን እንመልስ። ሁለቱንም ጠይቄ ሁለት ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ለሁለቱም “በሂደት ላይ ነው” የሚል መልስ ተሰጥቶኛል። ምጥም በሂደት ላይ ያለ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ኮሚቴ አይጠብቅም።

አዲሱ ስልክዎ ዘወትር ጸጥ ያለ፣ ከሰዓት በኋላዎ ያልተረበሸ፣ ጥራዝዎም ለሁለተኛ እትም የሚበቃ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለማስጠንቀቂያው ደግሜ ደጋግሜ እጅ የምነሳ፣

ትሑት አገልጋይዎ፣
ያልጮኸ ስልክ ባለማንሳት የተቀጣችው አዋላጅ

ግልባጭ፦
ለሚመለከታቸው ሁሉ፤ እንዲሁም ለማይሰሙት ጭምር ታሰማ ዘንድ ለጡሩምባ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ባለፈው ሐሙስ ባለቤትዎ ጣቢያችን ድረስ መጥተው ነበር። ልጃችሁ የእርግዝናዋን ስምንተኛ ወር እንደጨረሰች፣ የመጀመሪያዋ ስለሆነም በጣም እንደፈራች አጫወቱኝ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሥራ ስልኩ እንደማያስተማምን አባቷ ስለነገሯቸው የግል ስልክ ቁጥሬን እንድሰጣቸው ለመኑኝ። በግል ስልክ የሥራ ጥሪ እንዳንቀበል የሚከለክለው ሰርኩላር ላይ ያለው ፊርማ የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ቁጥሩን ሰጥቻቸዋለሁ፤ በደወለች ሰዓት እሮጥላታለሁ፤ ምጧን የቅርብ ያድርግላት። በዚህ ወር ከእሷ ጋር የሚወልዱት አሥራ ስምንቱ ሴቶች ግን ስልኩ እንደማይጮኽ አስቀድሞ የሚነግራቸው አባት የላቸውም።