ጆንያው ወይስ ቡናው

ሐሙስ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. ጎፋ

ፋብሪካው ዛሬም እንደቆመ ነው። ጆንያ የምሠራበት ማሽን ጥርሱ ከተሰበረ ወዲህ ወለል ያስጠርጉናል። መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ የውጭ ምንዛሪ ግን የለም አሉ።

ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ነበረን። አወያያችን ጓድ ታደሰ ድሃ አገሮች ለምን ከድህነት መውጣት እንዳቃታቸው አስረዳን። ኢምፔሪያሊዝም ነው አለ። እኔም እውነቱን ነው ብዬ ነበር። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄን አነሳሁ።

"ጓድ፣ ምንዛሪው የሚገኘው ከቡና ነው። ቡናው የሚላከው በእኛ ጆንያ ነው። ጆንያው ደግሞ ያለ ምንዛሪ አልሠራ አለ። ታዲያ ከየቱ ነው የሚጀመረው?"

ማንም አልሳቀም። አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ አስካለ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ጓድ ታደሰ ወረቀቱን አገላብጦ፣ "በሰፊው ሕዝብ ትግል ይፈታል" አለና መፈክር አሰምቶ በተነን።

ስወጣ በሩ ላይ ጠብቆ ጠራኝ። በቀይ ሽብር ጊዜ ወንድሜንም የወሰዱት እንዲሁ በር ላይ ጠርተው ነው።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እህቴ፣ አንቺስ ከየት ይጀመራል ትያለሽ?" አለኝ።

"እኔ እንጃ፣ ጓድ።"

"እኔም እንጃ" አለና ሄደ።

ሊያወጣጣኝ ይሆን? ፊቱ ግን የደከመው ሰው ፊት ነበር። አስካለ ነገ ታመምኩ ብለሽ ቅሪ ትላለች። ብቀር ጥፋተኛ እመስላለሁ። ብሄድ ደግሞ ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም።

ሊያወጣጣኝ ከሆነ እንኳ የለመድኩት ፍርሃት ነው። ይበልጥ የሚያስፈራኝ ከልቡ ጠይቆኝ ከሆነ ነው፤ የሚያስተምሩንም መልሱን አያውቁትም ማለት ነዋ።