የሽንት ቤት እሳት

ሰኔ 14
ትምህርት ቤት አስተምሬ ተመልሼ የላሟን እበት በጠበጥሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ከሽንት ቤቱ ፍሳሽ ጋር ይቀላቀላል፤ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ማድቤት ገብቶ ይነድዳል። የወረዳው ባለሙያ ፍጹም ከቡሬ መጥቶ ነበር። ደብተሩን ገልጦ፣ "በዓመት ስንት ሸክም እንጨት ተረፈ? እትየ እልፍነሽ፣ ለአየር ንብረቱ አርአያ ነዎት" አለኝ። ስንት ሰው ከቤቴ እንደቀረ ግን አልጠየቀም።

ሰኔ 19
ከነገ ወዲያ የማርያም ማኅበር ተራዬ ነው። ጎረቤቴ እማዋይሽ በአጥር ጠሩኝ። "ልጄ፣ ለማኅበሩ እንኳ በእንጨት ብትሠሪው? ሰው... ያው ታውቂያለሽ።"
አውቃለሁ። "የሽንት ቤት እሳት" ይሉታል። እንጨት መግዛት አያቅተኝም። ግን ጉድጓዱን የቆፈረው ባለቤቴ ሀይሉ ነው፣ በሞተበት ዓመት። በእሳቱ ባፍር በእሱ ማፈር አይሆንብኝም?

ሰኔ 21
መጡ። ጸሎት ተደረገ፣ ጠላው ተጠጣ። በጋዙ የሠራሁትን ሽሮ ማንም አልነካውም። "ጠግቤ ነው የወጣሁት..." ሁሉም። በጾም ቀን አሥራ ሁለት ሰው ጠግቦ ከቤቱ ይወጣል?
ሲሄዱ አለቀስሁ።

ሰኔ 22
ሽሮውን ብቻዬን በላሁ።

ሐምሌ 11
ዝናቡ አምስተኛ ቀኑ። መብራት ከጠፋ ሳምንት አለፈ። እንጨቱም ኩበቱም ርሶ መንደሩ ጭስ ብቻ ሆኗል። እማዋይሽ ድስት አቅፈው፣ ነጠላቸው እየተንጠባጠበ ገቡ። ልጃቸው አልጣሽ ከወለደች አራተኛ ቀኗ ነው።
"አራሷ ትኩስ ነገር ካፏ ሳይገባ ዋለ። እሳትሽ... አለ?"
"አለ፣ ይግቡ።"
ሰማያዊዋን ነበልባል ቆመው አዩዋት። ገንፎው ሲበስል ቆንጥረው ቀመሱ። ከዚያ ሌላ ቆንጥረው ወደ አፌ አመጡት። "እንቺ፣ በሞቴ።"
ሰው ካጎረሰኝ ስንት ጊዜዬ ነው? ሀይሉ ከሞተ ወዲህ... አዎ።

ሐምሌ 14
እማዋይሽ ነግረው ነው መሰል ሦስት ቤት እኔ ዘንድ ሲያበስል ሰነበተ። ዛሬ እሳቱ ደከመ። የአንዲት ላም እበት ለአራት ቤት ከየት ይበቃል? ነገ ሲመጡ ምን ልበላቸው? እንደገና ቢቀሩብኝስ?

ሐምሌ 15
ጠዋት በሩን ስከፍት ደጄ ላይ ሦስት ቅርጫት እበት። ዝናብ እንዳይመታው በቅጠል ተሸፍኗል። ማን ማን እንዳመጣው አልጠየቅሁም።
በጠበጥሁት። እሳቱ እስኪበረታ ቀናት ይፈጃል፤ ለዛሬ ግን ያለው ይበቃል። ለምሳ ሽሮ ጣድሁ። በትልቁ ድስት።