የተካፈለው ጠርሙስ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ገሱባ

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እኔ እዚህ ሶዶ ደህና ነኝ፤ ማለቴ እበላለሁ። መቀመጥ ግን አልቻልኩም። ይህችን ወረቀት ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ በረንዳ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ያልደወልኩት ስልክሽን ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ከፍተሽ ስለምታወሪ ነው። ይህን ብቻሽን አንብቢው።

ለጥጃሽ በወተት እየቀላቀልሽ እንድትሰጪ በየሳምንቱ ያመጣሁልሽ ጠርሙስ፣ እርጎ ውስጥ እንዳለው ያለ ጠቃሚ ባክቴሪያ ነው። የአንጀት ትልን ይከላከል እንደሆነ ለማየት ለስድስት ቤት ሰጠሁ፤ ጎረቤቶቻቸውን ስድስት ቤት ደግሞ ለማነጻጸሪያ ሆን ብዬ ከለከልኩ። አንቺን «ለማንም እንዳትሰጪ» አልኩሽ እንጂ ምክንያቱን አልነገርኩሽም። አይገባትም ብዬ ነው። ይቅር በይኝ።

እበታቸው ሲመረመር በሁለቱም ወገን የትሉ እንቁላል ከሞላ ጎደል እኩል ቀንሶ ተገኘ። አማካሪዬ ዶክተር ተሻገር፣ «ልዩነት ስለሌለ ባክቴሪያው አልሠራም ብለሽ ጽፈሽ ተመረቂ» አሉኝ። ልጽፍ ስል ጎረቤትሽ የፋኑኤል እናት ገበያ ላይ አግኝታ አገላብጣ ሳመችኝ። «እናትሽ በየጠዋቱ ግማሹን እያካፈለችኝ ጥጃዬ ተረፈልኝ» አለችኝ። ለካ የከለከልኳቸውም ሲወስዱ ኖረዋል።

ከዚያ ቤት ለቤት ዞሬ ጠየቅሁ። ከስድስቱ አምስታችሁ አካፍላችኋል! መድኃኒት ይዞ ጎረቤትን መከልከል እንዴት ይሆናል ብለው ጭራሽ እኔኑ ተቆጡኝ። ስድስተኛዋም ቃሏን የጠበቀችው በድንበር ምክንያት ከጎረቤቷ ከአንጁሎ ሚስት ጋር ተኳርፋ ስለነበር ነው። የአንጁሎ ሚስት ጥጃ ሞታለች።

ነገ ለዶክተር እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ሙከራው እንደገና ይጀመራል፤ ምረቃዬ በዓመት ይዘገያል፤ ተስፋ ያደረግሁት ሥራም ሳያመልጠኝ አይቀርም። የሚያቅበዘብዘኝ ግን እሱ አይደለም።

ጥጃዋ ከመሞቷ ከሁለት ቀን በፊት እበት ልወስድ እነ አንጁሎ ቤት ሄጄ ነበር። ተቅማጡ አድክሟት መቆም አቅቷታል። ሴትየዋ «አንቺ ተምረሽ የለም ወይ፣ የሆነ ነገር አድርጊላት እንጂ» አለችኝ። ለጎረቤቷ የያዝኩት ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ያድናት እንደነበር አላውቅም። ናሙናዬን ወስጄ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

እናቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ እንደነበር አውቃለሁ።

ቅዱስ ሚካኤል አንቺንም ከብትሽንም ጎረቤቶችሽንም ይጠብቅልኝ። ጉልበትሽን አደራ፣ ብርድ እንዳያገኘው።

አንቺን ያልመሰለችው ልጅሽ