አንቺ የተውሽላት ጥበቃ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን
ክትባት ክፍል፣ ከምሳ በኋላ፣ ወረፋው ባዶ ሳለ

ለባሕር ማዶዋ እመቤቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ስፌት ፋብሪካውስ? እኔ ደህና ነኝ። እናትሽ ደህና ናቸው፤ እኔን ለማኩረፍ የሚበቃ ጉልበት አላቸው። ድምቡሼያችንም አሥር ወሯን ደፍናለች። አራት ጥርስ አላት፤ ሁለቱን በጣቴ ላይ በይፋ መርቃ ከፍታለች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክሽን አላነሳሁም። «ኔትወርክ የለም» እያልኩ መልእክት ስልክልሽ ነበር። ኔትወርክ ከሌለ መልእክቱ በምን ደረሰሽ ብለሽ አለመጠየቅሽ የልብሽን ስፋት ያሳያል። በስልክ መናገር ያቃተኝ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። እንደ ሥራዬ በተራ በተራ ልመዝግበው።

እዚህ የወጣልኝን ስም ታውቂያለሽ፤ ጋሽ ዘጠኝ። ካርድ እቀበላለሁ፣ የልደት ቀን አያለሁ፣ በጣቴ እቆጥራለሁ፣ ለኩፍኝ ክትባት መጥቶ ዘጠኝ ወር ያልሞላውን ከነእናቱ እሸኛለሁ። ስምንት ወር ከሃያ ስምንት ቀን የሆነውን ልጅ መልሻለሁ። እናቱ «የኔ ጌታ፣ ሁለት ቀን ምን ያደርጋል?» ብትለኝ፣ «እናቴ፣ ሁለት ቀን ሁለት ቀን ነው» አልኳት። ዳኛ እንኳ እንደዚያ አይኮራም።

በኅዳር መጨረሻ ሰፈሩ ውስጥ ኩፍኝ ገባ። ሲስተር ማስታወቂያ ጻፈች፤ ወረርሽኝ ስላለ ከስድስት ወር ጀምሮ ያሉ ሕፃናት ተጨማሪ ክትባት ይውሰዱ፣ በዘጠኝ ወራቸው ይደገማል የሚል። በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ በአራቱም ማዕዘን ፕላስተር፣ ሳይጣመም።

ድምቡሼ ያኔ ሰባት ወሯ ነበር። እናትሽ በመጀመሪያው ቀን አዝለዋት መጡ፣ ወረፋ ያዙ፣ ተራቸው ደረሰ።

«ጻፍ እንጂ! ምን ያፈዝሃል?»

«እማማ፣ እሷ ትቆይ። የእናቷ ጥበቃ አላት።»

«የታል? አሳየኛ።»

«ደሟ ውስጥ።»

«ገብተህ አየኸው?»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ክብሬን ለማዳን ብድግ ብዬ ንግግር አደረግኩ። እናቷ የኩፍኝ ክትባት በልጅነቷ ወስዳለች፣ ካርዷ ቤቴ አለ፣ ሥራ እስክትሄድ አራት ወር ሙሉ አጥብታለች፤ ስለዚህ የባሰበት ይቅደም አልኩና የልጄን ተራ ከኋላ ላለችው ሴት ሰጠሁ። ሴትዮዋ መረቀችኝ። ሲስተር ውስጥ ሆና እየወጋች ስለነበር አልሰማችም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ድምቡሼን ትኩሳት ያዛት። ዓይኗ ቀላ፣ ከዚያ ሽፍታው ከፊቷ ጀምሮ ወረደ። ሲስተር አይታት ቁጭ አለች።

«ጋሽ ዘጠኝ፣ እናት በማህፀን ለልጇ የምትሰጠው መከላከያ ስንቅ ነው። ስንቅ ደግሞ ያልቃል። ኩፍኝ ታመው የዳኑ እናቶች በዛ ያለ ይሰጣሉ፤ በክትባት የተጠበቁት ያነሰ ይሰጣሉ፣ ቶሎ ያልቃል። በስድስት ወር ብዙዎቹ ልጆች ጨርሰውታል።»

«ታዲያ ዘጠኝ ወር ለምን እንጠብቃለን?»

«የእናት ስንቅ ገና ካለ ክትባቱን ስለሚያዳክመው ነዋ! ኩፍኝ ደጅ ሲቆም ግን አይጠበቅም። ለጥፈኸዋል እኮ!»

ለጥፌዋለሁ። ይህን የጻፍኩልሽ ያንቺ አነሰ ለማለት አይደለም፤ ያለሽን ሁሉ ሰጥተሻታል። አንቺ መከተብሽም ስህተት አይደለም። ስህተቱ የወረፋው ነው፣ ወረፋውም የእኔ ነው።

እውነቱን ከፈለግሽ ደንቡም አልነበረም የያዘኝ። ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ትራስሽን እናትሽ አጠቡት። ሻርፕሽ ጠረንሽን ጨርሷል። ቤት ውስጥ ካንቺ የቀረው ልጅቷ ደም ውስጥ ያለው ብቻ መሰለኝ። መርፌውን ካስወጋኋት፣ እሱም አልቋል ብዬ የምፈርም መሰለኝ። ለካ አልቆ ነበር።

ሰውነቷ ድኗል፤ በዚህ አትስጊ። ሽፍታው ጠፋ። ሁለቱም ጆሮዎቿ መግል ሲያወጡ ሰነበቱ፣ እሱም ደረቀ። ዘጠኝ ወር ሲሞላት ክትባቷን ወሰደች፤ በገዛ እጄ መዘገብኳት። ካርዷ ላይ እስከ ዘጠኝ ወሯ አንድም ባዶ ቦታ የለም።

አሁን በጣም ጨዋ ልጅ ሆናለች። በር ሲንኳኳ አትደነግጥም። ባለፈው እናትሽ የድስት ክዳን ጣሉና ጎረቤት ሁሉ ምን ወደቀ ብሎ ሲወጣ፣ እሷ ጣቷን እየጠባች ጣራ ታይ ነበር። እናትሽ ክዳኑን አንስተው ደግመው ጣሉት። ከዚያ አንስተው አጠቡት። ከዚያ ወዲህ ነው ያኮረፉኝ። ስትተኛ በጣት ጫፍ መራመድ አቁመናል፤ ቤቱ ውስጥ እንዳሻን እንሄዳለን።

የምትልኪላትን እሹሩሩ ጠዋት ጠዋት እከፍትላታለሁ። ድሮ ድምፅሽ ሲመጣ አንገቷን አዙራ በሩን ትፈልግ ነበር። አሁን ስልኩን ተቀብላኝ ትልሰዋለች። ነገ የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ አለን። ሲስተር ራሷ ናት ያስያዘችልን።

የስፌት መርፌ ጣትሽን ይለፈው። ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፣ ውልሽን በሰላም ጨርሰሽ ግቢ። ስትገቢ ግን ከኋላዋ ሆነሽ አትጥሪያት። ዞረሽ ከፊቷ ተቀመጪ። ፊት በደንብ ታያለች፣ ለፊት ትስቃለች።

እሹሩሩውን መላክ አታቁሚ። እኔ እሰማላታለሁ።

ባልሽ፣
የድምቡሼ አባት