ስለተበረከተልኝ አዲስ የግቢ በር

ለብረት ለበስ መኪናዎችና የጥበቃ ዕቃዎች ማምረቻ ኩባንያ ባለቤትና ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጥይት ቀርቶ ጉንፋን እንኳ የማይደፍረው ሰውነትዎ እንደ መኪናዎችዎ ግድግዳ ጸንቶ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከፋብሪካዎ አጥር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ የምሠራው በያጅ ነኝ። ምናልባት አላዩኝም ይሆናል፤ ምንም እንኳ ከጥቁር መስታወት ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ማየት እንደሚቻል ልጄ ብታረጋግጥልኝም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሠራተኞች አዲስ የግቢ በር አስይዘው ልከው፣ ለቤቴ በነጻ ሊያስገጥሙልኝ እንደሚፈልጉ አሳውቀውኛል። ለእንዲህ ያለ ቸርነት የሚሰጠውን መልስ ሰው ሁሉ ሊያነበው ይገባል ብዬ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌያለሁ።

ከመልሴ በፊት ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ። ቅናት እንዳይመስልብኝ በቁጥር አስፍሬያቸዋለሁ፤ ቁጥር የተሰጠው ነገር ቁም ነገር ይመስላልና።

አንደኛ፤ ልጄን ይመለከታል። ብየዳ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መስታወቱ በተሰነጠቀ፣ እጀታው በሽቦ በታሰረ የፊት መከለያ፣ ኤሌክትሮዱን እንደ እስክሪብቶ ያዢው እንጂ እንደ ዱላ አትጨብጪው እያልኩ ስድስት ዓመት ለፋሁ። እርስዎ ፋብሪካዎ ቀጥረዋት በአንድ ቀን ብልጭታ ሲያይ በራሱ የሚጠቁር መከለያ፣ እስከ ክርን የሚደርስ ጓንትና ስሟ ደረቱ ላይ የተጠለፈበት ሰማያዊ ቱታ ሰጧት። እኔ ጋ ሳለች የምትለብሰው እጅጌው ሦስት ጊዜ የሚጠቀለል የእኔን አሮጌ ቱታ ነበር። አዲሱን ለብሳ ቤት ስትመጣ እናቷ አራት ፎቶ አነሳቻት። እኔን ባለቤቴ በቱታ ፎቶ አንስታኝ አታውቅም፤ ይህንንም ለመገንዘብ ስላበቁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ «እኛ» የምትባለውን ቃል ይመለከታል። ልጄ ፋብሪካዎ በገባች በሁለተኛው ወር፣ እሁድ ምሳ ላይ፣ እኛ እኮ ላሜራ የምንቆርጠው በኮምፒውተር ነው አለች። እኔ እኛ ማለት እሷ፣ እናቷና እኔ መስሎኝ፣ የቱ ኮምፒውተር ብዬ ጠየቅኩ። እናቷ ጎርሳ ስለነበር በሳቅ ትን አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እኛ» መንገዱን ተሻግራ እርስዎ ግቢ ገባች፤ እኔና ሱቄ ደግሞ «እናንተ» ሆነን ቀረን። እናንተ ጋ አሁንም በእጅ ነው አይደል ትለኛለች፤ ክፋት የላትም፣ እንዲያው ከልቧ ነው የምትጠይቀኝ። እሱ ነው የባሰብኝ።

ሦስተኛ፤ ሙያን ይመለከታል። የመኪናዎ አንድ በር ሦስት ሰው እንደሚመዝን ከልጄ ስሰማ፣ ሁለት ማጠፊያ አይችለውም፣ ውሎ አድሮ ይወርዳል፣ ሦስተኛ ይጨመርበት ብዬ በእሷ በኩል መልእክት ልኬ ነበር። መሐንዲስዎ ፈገግ ብለው ይህ እኮ የግቢ በር አይደለም ማለታቸውን ሰማሁ። እውነታቸውን ነው። የግቢ በር ቢወርድ ሰው ውጭ ይቀራል እንጂ ውስጥ አይቀርም።

አራተኛውን ቅሬታ ባለቤቴ ረቂቁን ስታነብ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛ፣ ጠርዙ ላይ «ቀንቻለሁ በልና ጨርስ» ብላ ጽፋበታለች። እኔ ግን አልጨረስኩም።

አምስተኛ፤ እንግዶች የተጠሩበትን ያን የምረቃ ቀን ይመለከታል። አዲሱ መኪና ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ለማሳየት እርስዎ ራስዎ ገብተው በሩን ዘጉ፤ በሩም አስተማማኝነቱን አሳየ፣ አልከፈትም አለ። አንዱ በር እምቢ ሲል ሌሎቹ አብረው እንዲቆለፉ ተደርገው መሠራታቸው ለደንበኛ የሚሰጠውን መተማመን እኔ በቃላት ልገልጸው አልችልም። ድምፅ እንደማያሳልፍ በማስታወቂያ የተነገረለት የፊት መስታወትም ቃሉን ጠበቀ፤ አፍዎ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የሚሰማ የለም። ከፊት የተቀመጡት እንግዶችማ ንግግር የሚያደርጉ መስሏቸው ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ አሉ። መሐንዲስዎ የመመሪያውን መጽሐፍ እያገላበጡ አርባ ደቂቃ ሄደ።

ያኔ ልጄ ጓንቷን አወለቀች። ሁለት ባልደረቦቿ ከበሩ ሥር ቧንቧ አስገብተው ከፍ እንዲያደርጉት አዘዘች፤ እሷ እጀታውን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ የታችኛውን ጥግ በጉልበቷ መታችው፤ ተከፈተ። የት ተማርሽው ብለው መሐንዲሱ ሲጠይቋት የሰጠችውን መልስ ከሦስት ምስክሮች አጣርቻለሁ። «በቤታችን በር ነው የለመድኩት» አለች። ቤታችን አለች፣ ክቡር ሆይ። ያቺ ቃል ለአንድ አፍታ ወደ እኔ ተሻግራ መጥታ ነበር።

ስለዚያ በር መናዘዝ አለብኝ። የሰፈሩን በር ሁሉ ሳቀና የራሴ አሥራ አንድ ዓመት ወርዶ ነው የኖረው። የደንበኛ ሥራ ይቅደም እያልኩ፣ ነገ እያልኩ ተውኩት። ለመክፈት በግራ እጅ ከፍ ማድረግ፣ በጉልበት መታ ማድረግና ወደ ውስጥ መግፋት ያስፈልጋል። እንግዳ ሰው ሲመጣ ሦስት አራቴ አንጓጉቶት ተስፋ ቆርጦ ይጣራል። ባለቤቴ የበያጅ ቤት ነን ብላ ለሰው መናገር ታፍራለች። ልጄ ግን ቁመቷ ለመክፈቻው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ታግላው አታውቅም።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ቅሬታዬ ውለታዎን ይመለከታል። ልጄን በአዲሱ ፋብሪካዎ የበር ክፍል ኃላፊ አድርገው ሾመዋታል፤ ቦታው ከዚህ በመኪና የስድስት ሰዓት መንገድ ነው፤ መኖሪያ ቤትም ተሰጥቷታል፤ በወሩ መጨረሻ ትሄዳለች። ለአባትየው ደግሞ በሞተር የሚሠራ፣ በሪሞት የሚከፈት፣ የኩባንያዎ ዓርማ መሐሉ ላይ የተለጠፈበት የግቢ በር ተመደበለት። ልጅ ወስዶ በር የሚመልስ ሰው በዘመኔ አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ባለቤቴ እንዳዘዘችኝ ልናገር፤ ቀንቻለሁ። በፎቅዎም በማሽንዎም አይደለም፣ በእነሱስ ትንሽ ብቻ ነው። የቀናሁት ብየዳዋን አይተው ጎሽ በሚሏት ሰዎች ነው። ጠዋት ጠዋት ፈገግ ብላ ሰላም በምትለው በጥበቃዎ ሳይቀር ቀንቻለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጎሽ ማለት ያለብኝ እኔ ነበርኩ፤ እጇን እንዳታቃጥል ስጠብቅ ረሳሁት።

ስጦታዎን ግን አልቀበልም። የእኔ በር ሲከፈት ይጮኻል። ሌላ ሰው ከሆነ ተንጓጉቶ ተንጓጉቶ ይቆማል፤ እሷ ከሆነች አንድ ከፍታ፣ አንድ ምት፣ ከዚያ ጩኸቱ። ከጓሮ ሳልነሳ መጣች እላለሁ። የእርስዎ በር ሪሞቱን ለያዘ ሁሉ በአንድ ዓይነት ዝምታ ይከፈታል፤ ማን እንደገባ በምን አውቃለሁ? ስለዚህ በሩን መልሰው ይውሰዱት፤ ማጠፊያዎቹ ግን ጥሩ ናቸው፤ ለመኪናው ይሁኑ።

ላደረጉልኝና ለወሰዱብኝ ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ከመንገዱ ማዶ፣
ምክሩ ያልተፈለገው የግቢ በር ባለሙያ፣
የበር ክፍል ኃላፊዋ አባት

ማሳሰቢያ፦ ልጄ ያን ቀን ከፊት መስታወቱ አጠገብ ስለነበረች፣ እንግዶቹ ሲያጨበጭቡልዎ እርስዎ በእርግጥ ምን ይሉ እንደነበር ከከንፈርዎ አንብባለች። «እማዬ» ነበር ይሉ የነበሩት፤ ደጋግመው። ለማንም እንዳልናገር ስላስማለችኝ ለማንም አልተናገርኩም፤ የጻፍኩት ብቻ ነው። እኔም በዚህ ተጽናንቻለሁና አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፦ እዚያ ሩቅ ቦታ አንድ ቀን አንዱ በር ልጄን እምቢ ቢላት፣ እንድትደውልልኝ ስልኳን አይቀሟት።