ከሉን ያውልቁት አሉኝ

ጥቅምት 20፣ ከሰዓት
የወጥ ምስር እየለቀምሁ ነው። ስልክ ጮኸ፤ ወንድሜ አያ ደምሌ አነሣው። ሲሰማ ቆይቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ልጄ ብርቱካን ሞተች። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዋ፣ ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ትኩሳት ነው አሉ። ደብተሬ፣ ለዛሬ ይብቃኝ።

ጥቅምት 23
ቀበርናት። ሬሳዋን የዩኒቨርሲቲው ማኪና እዚህ አይከል ድረስ አመጣት። አብራ የመጣች የክፍል ጓደኛዋ እያለቀሰች ነገረችኝ። ብርቱካን የምታድርበት ዶርም ውስጥ ሌሎች ሦስት ልጆች አሉ። ከመጡ ጀምሮ ቅማንት ናት ብለው አያናግሯትም። ሁለት ቀን በትኩሳት ስትቃጠል ተኝታለች ብለው እየወጡ ይገባሉ። ውኃ ያቀበላት የለም። ልጄ ሰው በሞላበት ቤት ብቻዋን ሞተች።

ኅዳር 2
ዛሬ ቦርሳዋን ከፈትሁ። ሦስት ማመልከቻ፣ ግልባጭ። ሦስቱም ለብዝኃነትና ለተማሪዎች ድጋፍ ጽ/ቤት። ሦስቱም አንድ ቃል፦ ዶርም ቀይሩልኝ፤ የሚያናግረኝ የለም፤ ሸጋ ባልሁ ቁጥር በአነጋገሬ ይሥቁብኛል። የጽ/ቤቱ ማኅተም አለበት፣ የተቀባይ ፊርማ አለበት። መልስ የለበትም።
ከሥር የዚያው ጽ/ቤት መጽሔት። ሽፋኑ ላይ ልጄ ትሥቃለች። ዶቃ አድርገውላታል፤ የየት አገር እንደሆነ የማላውቀውን ልብስ አልብሰዋታል። እኛ እንዲህ ለብሰን አናውቅም። «ብዝኃነታችን ውበታችን» ይላል። መጽሔቱን በግንባሩ ደፋሁት።

ኅዳር 9
ከጽ/ቤቱ ተደወለ። ከአናሳ ብሔረሰብ ለመጡ ሴት ተማሪዎች አንድ ማረፊያ ክፍል ሊከፍቱ ነው። በብርቱካን ስም እንዲሆን ይፍቀዱልን አሉ። ምረቃው ላይም መድረክ ይውጡልን አሉ።
አያ ደምሌ ሣቀ። መራራ ሣቅ። «በቁሟ ክፍል ቀይሩልኝ ብትል ነፈጓት፤ ስትሞት ክፍል ሰጧት! እሰይ!»
እኔ ግን ሌላ አሰብሁ። ነገ ከእኛ ወረዳ የምትሄድ ልጅ አለች። የሚያናግራት ብታጣ የምትገባበት ይኖራት ይሆናል። እሺ እንገናኝ አልሁ።

ኅዳር 14፣ ጎንደር
ሆቴል ቀጠሩኝ። የመጡት የጽ/ቤቱ አስተባባሪ ሴትዮና ፎቶ አንሺ ናቸው። ሴትዮዋ እጄን ይዛ አለቀሰች። እውነት መሰለኝ፤ ልቤ ራራ።
ከዚያ ዋናውን ጉዳይ አመጣችው። ለዚያ ቀን ከሉን ያውልቁት፣ የባህል ልብስ እናዘጋጃለን፣ ጥቁር ለመድረክ ይከብዳል። በቋንቋችሁም ጥቂት ቃል ቢሉልን፣ እንግዶች ይወዱታል።
ልጄን ከቀበርሁ ወር አልሞላም! ከእናቴም ቋንቋ የቀረኝ ጥቂት ቃል ነው፤ እሱንም ብቻዬን ስሆን ነው የምለው። ለጭብጨባ አላወጣውም።
ሦስቱን ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። መድረክ ከወጣሁ መጀመሪያ ይህ ይነበብ፣ ለምን መልስ እንዳጣም ይነገር አልሁ። አየችው። ፊርማው የራሷ ነው። ፊቷ ልውጥ አለ። «እማማ፣ እሱ የአሠራር ጉዳይ ነው። ቀኑን ባናጨልመው።»
ፎቶ አንሺው ጫማውን ያያል። ለስላሳ አዘውልኝ ነበር፤ ሳልነካው ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ፣ አብሮኝ የመጣው አያ ደምሌ ምን አሉሽ ይለኛል። አፌን ብከፍት የሚወጣው ስድብ ነው።

ኅዳር 16፣ ጠዋት
ምን ቢሉኝ አላደርገውም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ለጽ/ቤቱ ደብዳቤ ስጽፍ ዋልሁ፤ ሰባተኛ ክፍል ያቆመች እጅ ቀርፋፋ ናት። እንዲህ አልሁ፦ ክፍሉን ክፈቱ፣ ይጠቅማል። የልጄን ስም ግን አትለጥፉበት። በስሟ ፈንታ ማመልከቻ የሚያነብና መልስ የሚሰጥ ሰው አስቀምጡበት። ከመጽሔቱም ሥዕሏን አንሡ። እኔ አልመጣም። የሦስቱን ማመልከቻ ኮፒ አያይዤ ዛሬ በአያ ደምሌ እጅ ፖስታ ቤት ሰደድሁ።
ከእንግዲህ ስለ እነሱ አልጽፍም፤ ቀፈፉኝ። ደብተሬ፣ አንድ ቀን የሚያነብህ ሰው ቢመጣ ይህን ንገርልኝ፦ ለቁጣዬ አትዘኑ። ለእሷ ጸልዩላት። ብርቱካን የዓለም ስሟ ነው፤ በጸሎት ስትጠሯት ወለተ ሥላሴ በሏት። ብቻዋን ነበረችና፣ ብዙ ሆናችሁ ጥሯት።