ዘንድሮ በጆሮዬ ያየሁት

ውድ ባለቤቴ ጌታሁን፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ጳጉሜ ገብታለች። በጳጉሜ አንተ ፀጉር ቤትህ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተህ፣ መቀስህን ጣትህ ላይ እንዳንጠለጠልክ፣ የዓመቱን ምርጥና የዓመቱን ውዳቂ ትፈርድ ነበር። የትኛው ድራማ አንጀት በላ፣ የትኛው ዘፈን ጆሮ አቆሰለ፣ የትኛው ኮሜዲያን በገዛ ቀልዱ ብቻውን ሳቀ። እኔ ደግሞ ያንተን ምርጥ ሁሉ ውዳቂ እል ነበር፤ ግማሹን የምለው ለእልህ ነው። ዘንድሮ የሚሞግተኝ ስለሌለ ፍርዱን ልጻፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር ልንገርህ። ልጃችን ሰላም ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ነው። ፀጉር ቤቱ ተዘግቷል፤ አልፎ አልፎ እየገባሁ መስታወቱን ብቻ እወለውላለሁ። ቴሌቪዥኑም ከተቀበርክ ጀምሮ አልተከፈተም። እህትህ እትዬ በላይነሽ በሐዘን ቤት ዘፈን አይሰማም ብለው በነጭ ጨርቅ ሸፈኑት። አርባህ ሲወጣ ይገለጣል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ሙት ዓመቱ ሳይወጣ አይሆንም አሉ። እኔም አልተከራከርኩም።

ግን የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ታውቀው የለ፣ መስኮት ዘግቶ የሚያመሽ ሰው የለም። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነብ ቴሌቪዥናቸውን ሲከፍቱ ድምፁ እኔ ቤት ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ዘንድሮ ሁሉንም ያየሁት በጆሮዬ ነው። በጆሮ ሲታይ ደግሞ ብዙ ጉድ ይጋለጣል። ሰዎቹ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሙዚቃው ቀድሞ ያለቅስላቸዋል።

ውዳቂው ያለ ጥርጥር ያ የሁለት ሀብታም ቤተሰቦች ድራማ ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰው በር ወርውሮ ዘግቶ ይወጣል፤ እኔ ከበሩ ሌላ የሰማሁት የለም። ልጅቷ በመጨረሻ ማንን አገባች ብዬ እትዬ ዘይነብን ብጠይቃቸው፣ «ወላሂ እኔም እያየሁት አላወቅኩም» አሉኝ። ደህናው የእሁድ ከሰዓቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። አንተ እንቅልፍ ያመጣል ብለህ ትጠላው ነበር። እውነትህን ነው፣ ያመጣል። ዘንድሮ እንቅልፍ ያመጣልኝ እሱ ብቻ ስለሆነ አላማሁትም።

አሁን ወደከበደኝ ነገር ልምጣ። ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት ልብስ እያጠብኩ፣ ከእትዬ ዘይነብ ቤት ድምፅህን ሰማሁ። ቁርጥ ያንተን። «ኧረ ይሄን ሰውዬ ከሶፋው ላይ አንሱልኝ፤ እየተወነ ነው ወይስ ምሳው እስኪወርድለት እየጠበቀ ነው» ትላለህ፤ ከዚያ ያ ከሳል ጋር የተቀላቀለ ሳቅህ። እጄ ላይ ያለውን አረፋ እንኳ ሳልጠርግ ሮጬ ገባሁ። ያበድኩ መስሎኝ ነበር። እትዬ ዘይነብ ሲያዩኝ ደንግጠው ስልካቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

ስልኩ ላይ ያለችው ሰላም ነበረች። የፀጉር ቤቱን ቁልፍ ከእኔ ደብቃ ወስዳ፣ ነጩን ጋዋንህን ለብሳ፣ በዓይን ኩል ጢም ስላ፣ ወንበርህ ላይ ተቀምጣ የዘንድሮን ድራማ ባንተ አንደበት ስትፈርድ ቲክቶክ ላይ ለቃዋለች። ከካራቆሬ እስከ ጣርማ በር ሰው ሁሉ ስቆበታል። ባጃጅ ሾፌሮቹ የጋሽ ጌታሁን ልጅ እያሉ ያስቆሟታል። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እህትህ እርር ድብን አሉ። ሐዘኑ ሳይወጣ አባቷን መቀለጃ አደረገችው፤ ካላጠፋችው ለሙት ዓመቱ እግሬን አላነሳም አሉ። ሰላም ደግሞ እናቴ አጥፊው ካለችኝ አጠፋዋለሁ፣ ግን እሱን የማገኝበት ሌላ ቦታ የለኝም ብላ ታለቅሳለች። ሁለቱም የእኔን አፍ ይጠብቃሉ። ያንተ ሙት ዓመት ያለ እህትህ ምን ሊመስል እንደሚችል አስበው።

እኔም ስልኩን ተቀብዬ ደጋግሜ አየሁት፤ አሁን በዓይኔ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ የዓመቱ ምርጥ እሱ ነው። ማበጠሪያውን ጆሮህ ላይ እንደምትሰካው፣ ልትሳደብ ስትል ዓይንህን ወደ ጣሪያ እንደምትሰቅለው፣ አንድም አልሳተችም። ሳቄ አመለጠኝ። ከሞትክ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

የዓመቱ ውዳቂም እሱው ነው። ባለፈው ሳምንት አንተ ስሜን ስትጠራ ላስታውስ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጣልኝ የሰላም ድምፅ ነው። ደግሜ ሞከርኩ፣ አሁንም እሷ ናት። ድምፅህ ከእሷ ድምፅ ስር ገብቶ አልወጣ አለኝ። ፈራሁ፣ ጌታሁን። ይህን ለእሷም ለማንም አልተናገርኩም።

ዛሬ ጠዋት እህትህ ቤት ሄጄ አይጠፋም አልኳቸው። ገብተው በሩን ዘጉብኝ። ይመጡ እንደሆነ አላውቅም። ልጅቷን ግን ሁለተኛ ጊዜ አባት አላሳጣትም።

ለእኔ የቀረልኝን ልንገርህ። ድራማ ስናይ፣ እናት ልጇን የምትቀብርበት ቦታ ሲደርስ፣ ያ ሁሉ ምላስህ ጸጥ ይል ነበር። ወደ እኔ ሳትዞር እጄን ፈልገህ ትይዛለህ፤ እስኪያልፍም አትለቀኝም። ሰላም ይህን አታውቅም፤ ከኋላችን ተቀምጣ ስለነበር አላየችውም። ድምፅ ስላልነበረው ማንም በላዩ ላይ ሊናገርበት አይችልም። እሱን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳልህም።

ያንተ፣
አስካለ